ሃያ አንደኛው ጥያቄ

ጥቅምት 4 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለጠያቂዋ፤

ከሁሉ አስቀድመሽ አንድ ነገር እንድትረጂ እፈልጋለሁ፤ ይህን ሰው ሳልፈትነው አልተቀበልኩትም። ሰላምታዬን ከዚህ ዓረፍተ ነገር በታች ያደረግሁት አንቺ ሰላምታ ዘለሽ የምታነቢ ስለሆንሽ ነው። አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽና፤ ከሰው በላይ ካለ ክፉም፣ ከሰው መካከል ካለ ክፉም ይሰውርሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። እናትሽ እትዬ ግን እግሯ ማበጡን አልተወም። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ብሏል። በጓሮው ክፍሏ ተኝታ ነው የምትውለው። ጆሮዋም እንዳለ ነው፤ የግራው ይሻላል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በጸሎት ቤታችን አዲስ አገልጋይ መጥተዋል። እንደምታውቂው ማንም ሰባኪ እዚህ ሲመጣ ሃያዎቹን ጥያቄዎቼን እጠይቀዋለሁ። ስለ ጸጋ፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ እረኝነት፣ ሐሰተኛ ነቢይ በምን ይታወቃል ስለሚለው። ጫማ ጠጋኙ ሽማግሌ አገልጋያችን የዛሬ ስንት ዓመት ሰባቱን «አላውቅም» ብለው ሲመልሱ ነው እኔው ራሴ «አባባ አላውቅም» ያልኳቸው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። አዲሱ ሰው ሃያውንም መለሱ። አንዱም ላይ አልተንተባተቡም። ሰፈሩ አሁን «ባለመልሱ» ይላቸዋል።

ስለዚህ በእጄ ጽሕፈት «መርምሬአቸዋለሁ፤ ትክክል ናቸው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ወረቀቱ የጸሎት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። እትዬ መጀመሪያ ልቧ አልተቀበላቸውም ነበር። ወረቀቱን ሳነብላት ግን «አንተ ካልክ እሺ» አለችኝ።

ያለፈውን ደብዳቤሽን አነበብኩላት። እንደ ልማዷ «ድገመው» አለች። ደገምኩላት። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

አጎትሽ


ኅዳር 2 ቀን

ውድ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ማጉረምረሙን ይተው፤ ለእማዬም እግዚአብሔር በእጁ ይድረስላት። ሰላምታዎን አልዘለልኩትም፤ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ይኸው መሰከርኩ።

ሃያውንም መለሱ? አንድም ሳይስቱ? ጋሼ፣ እኔ የእህትዎ ልጅ ሆኜ፣ ከአንድ ቤት እየበላሁ፣ በሒሳብ ሰባ ሁለት ነው የሰጡኝ! «ሥራውን አላሳየሽም» ብለው ስምንት ነጥብ የቀነሱብኝን እስከ ዛሬ ቂም ይዤአለሁ። በእርስዎ ፈተና ሙሉ ያገኘ ሰው መኖሩን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን አልሳቅሁም።

ሥራዬ ያው ነው። የሆስፒታል አንሶላ እናጥባለን፤ ስድስት ሴቶች ነን። እንፋሎቱ ፀጉር ያረግፋል፤ ትከሻዬም የእኔ አይመስለኝም። መጀመሪያ የተማርኩትን ልንገርዎት። አንሶላ ታጥፎ ሲደረደር ሁሉም ንጹሕ ነው። ለሁለት ይዘን፣ ዘርግተን፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርገን ካላየነው እድፉ አይታይም። ባለመልሱን ታጥፈው ነው ያዩዋቸው ወይስ ተዘርግተው? አይቆጡኝ። የጠየቅሁት ምክንያት ስላለኝ ነው። አብራኝ የምታጥፍ ሴት በየሳምንቱ ወደ አንድ ሰባኪ እንድሄድ ትጎተጉተኛለች። «ሁሉን ያውቃል፣ ስምሽን ሳትነግሪው ይጠራሻል» ትላለች። እውነተኛው ከሐሰተኛው በምን እንደሚለይ እርስዎ ቢነግሩኝ እፈልጋለሁ። በሃያ ጥያቄ ሳይሆን ለደከማት ሴት በሚሆን አማርኛ።

አባባ አላውቅም እንዴት ናቸው? አሁንም ሲሰብኩ ቃላቸውን ይውጡታል?

ለእማዬ ወደ ግራ ጆሮዋ ተጠግተው ያንብቡላት። ምንም ካለች፣ አንድ ቃልም ብትሆን፣ ይጻፉልኝ።

ጠያቂዎ


ኅዳር 27 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የላክሽው ደርሶኛል።

በሰው ላይ መሳለቅ ጥበብ አይደለም። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ኮራጁን ከአቀማመጡ አውቀዋለሁ። አንሶላና የእግዚአብሔር ሰው አንድ አይደሉም። ስለ መለየት የጠየቅሽውን ሰፋ አድርጌ በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አባባ አላውቅም ደህና ናቸው። ወደ እኛ ቤት ይመላለሳሉ፤ ብዙ ሥራ ያላቸው አይመስሉም።

እትዬ ደህና ናት። ጸሎት ላይ ናት። ባለመልሱ የጸጥታ ጊዜ አዘውላታል፤ መልካም ውጤት እየጠበቅን ነው። ለጊዜው ብዙ አትጻፊ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ውድ ጋሼ፤

ምርቃትዎ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ቢሆንም እኔ እመርቅዎታለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

«ለጊዜው ብዙ አትጻፊ» ያሉኝን አልገባኝምና እየጻፍኩ ነው። ይህ ደብዳቤ የእርስዎ አይደለም፤ የእማዬ ነው። ቀስ ብለው ያንብቡላት። «ድገመው» ካለች ይድገሙላት።

እማዬ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ አየሩ፣ ስለ አንሶላው፣ ስለ ትከሻዬ ጻፍኩልሽ። ስለ በሩ ግን አልጻፍኩም። በሄድኩበት ጠዋት በርሽን ዘግተሽ አልወጣሽም። ጋሼ ሻንጣዬን ይዘው ከኋላዬ ቆመው ነበር። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ዝም ስትዪኝ «ከዛሬ ጀምሮ እናት የለኝም» አልኩ። ጆሮሽ እንደሚከብድ እያወቅሁ፣ እንድትሰሚኝ ብዬ፣ ጮኼ ነው ያልኩት። መንገድ ላይ ጋሼ «አልሰማችም» አሉኝ። እኔም አልሰማሽም እያልኩ እዚህ ደረስኩ። እማዬ፣ ሰምተሻል? ሰምተሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። ካልሰማሽም ይቅር በይኝ፤ ብዬዋለሁና። እናት አለኝ። ሁልጊዜም ነበረኝ።

ጋሼ፣ ያለችውን ይጻፉልኝ። ካለቀሰችም ይጻፉልኝ። ዝም ካለችም ዝም ማለቷን ይጻፉልኝ።


ጥር 20 ቀን

ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለእማዬ።

አምስት ሳምንት ሆነኝ። ፖስታ ቤት ስመላለስ ሠራተኛዋ ገና ከበሩ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቅልኛለች። ከትናንት በስቲያ ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ ስልክ ደወልኩ። «ጋሼን ጥራልኝ» ስለው «ደብዳቤና ስልክ ተከልክሏል፣ ጸሎት ላይ ናቸው» አለኝ። ማን ከለከለ ስለው ዘጋው። ጋሼ፣ ማን ነው የከለከለው? ከመቼ ጀምሮ ነው የእኔ ድምፅ በዚያ ቤት ክልክል የሆነው?

ደብዳቤዬን አንብበውላታል አይደል? አዎ ብቻ ይበሉኝ።


የካቲት 14 ቀን

ጋሼ፤

ዛሬ ምርቃት አልጻፍኩም፤ አልወጣልኝም። ባለሱቁ ጋ ድጋሚ ደውዬ ነበር። ድሮ «የአንሶላዋ እመቤት» እያለ የሚያበሽቀኝ ሰው «ጋሼ ይጽፉልሻል» ብሎ ብቻ ስልኩን በቀስታ አስቀመጠው። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

አለቃዬ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ሰጥቶኛል። መቼ ልምጣ? ልምጣ ወይ?


መጋቢት 7 ቀን

ለልጄ፤

ከሁሉ አስቀድመሽ አንድ ነገር እንድትረጂ እፈልጋለሁ፤ እናትሽ የካቲት 1 ቀን ጠዋት አርፋለች። ይህን ከላይ ያደረግሁት ምልክት ፈልገሽ መስመር ለመስመር እንዳትንከራተቺ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ላጽናናሽ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም፤ ለምን እንዳልሆንኩ በተራ እነግርሻለሁ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄአለሁ፤ እያንዳንዱ ላይ ራሴን በትንሹ ነጻ አውጥቼ አገኘሁት። ይህ አምስተኛው ነው።

ኅዳር 20 ቀን ባለመልሱ አስጠራኝና «የእህትዎ ሕመም የልጅቱ ምሬት ነው፤ ቃሏ ወደ ቤቱ በገባ ቁጥር ልቧ ላይ ይቀመጣል» አለኝ። ለዘጠና ቀን ከአንቺ ምንም ቃል እንዳትሰማ፣ ዘጠናው ሲሞላ ግን አንቺን ራስሽን በበሯ ላይ ቆመሽ እንደምታይሽ ተናገረ። ይህን ለእትዬ ነገርኳት። «በእርግጥ ትመጣለች ብሏል?» አለች። ብሏል አልኳት። «እንግዲያው እታገሣለሁ» አለች። ልጄ፣ ደብዳቤሽን የተወችው አንቺን ልታይ ብላ ነው። ይህንን ከሁሉ ይበልጥ እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

የኅዳሩን ደብዳቤሽን እኔ አነበብኩት፤ ለእሷ አላነበብኩላትም። የታኅሣሡ ሲደርስ ግን አልከፈትኩትም። ካነበብኩት ከፊቴ ላይ ታገኘዋለች ብዬ ፈራሁ። ጀርባው ላይ የደረሰበትን ቀን ጽፌ ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። በሥርዓት። እኔ ሁሉን የምሠራው በሥርዓት ነው።

አባባ አላውቅም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይመጡ ነበር። ሥራ የላቸውም ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ያን ጊዜ የሚጠግኑትን ጫማ ይዘው መጥተው አልጋዋ ሥር ተቀምጠው ነበር የሚሰፉት። ያበጠ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ያጥቡላታል። ስብከት ሲሰብኩላት አልሰማሁም። አንዴ ስታስቃቸው ሰምቻለሁ፤ «የእኔን እግር ከምትጠግን ወንድሜን አፉን ጠግንልኝ፣ ከኅዳር ጀምሮ ተዘግቷል» ስትል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንደ ቀልድ አለፍኩት።

ጥር 18 ቀን መጡና «ጋሼ፣ ደብዳቤ መጥቷል ወይ ብላ ጠይቃኛለች» አሉኝ። «ለምን እኔን አልጠየቀችኝም?» አልኩ። «እሱን ብጠይቀው ቃሉን ማስፈረስ ይሆንብኛል አለች። እባክዎ ያንብቡላት፤ ጊዜዋ አጭር ይመስለኛል።» እኔም ምን እንዳልኳቸው በትክክል ልጻፍልሽ። «እርስዎ ከሃያ ጥያቄ ስንቱን ነው የመለሱት?» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው «አሥራ ሦስቱን» አሉና ወደ እሷ ተመለሱ። መሳቢያው ከቆምኩበት ሁለት እርምጃ ነበር። እሷ ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ቀን ኖረች።

በቀብሯ ዕለት ባለመልሱ ግቢያችን ውስጥ ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ። ዘጠናው ቀን ሳይሞላ ለምን እንደሞተች የሚጠይቀው ሰው ሳይኖር መልሱን ሰጠ። «ጸጥታውን ያፈረሰ ሰው በዚህ ቤት ይገባ ይወጣ ነበር» አለና ወደ ሽማግሌው አየ። ሰውም አብሮት አየ። ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተነሣሁ።

«አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር» አልኩት።

«ይጠይቁ፣ ጋሼ» አለ፤ ፈገግ ብሎ።

«የእህቴ ክፍል መስኮት በየት በኩል ነው?»

ዓይኑን አላሸም። «በምሥራቅ በኩል፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት» አለ።

ያ ክፍል መስኮት እንደሌለው አንቺ ታውቂያለሽ። ስለ እሷ ሕመም ያን ሁሉ ቃል የተናገረ ሰው አንድ ቀን እንኳ ደጃፏን አልረገጠም። «አላውቅም» ቢል ምንም አይጎድልበትም ነበር። ያች ቃል ግን በአፉ ውስጥ የለችም። ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «መስኮት የለውም» አሉ በዚያች በተዋጠች ድምፃቸው። «ብርድ ገብቶባት በሩን ልዝጋው ስላት ስለማትፈቅድ፣ ለአየር ነው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። አይ፣ ልጄ ስትመጣ እንዳታንኳኳ ብዬ ነው አለችኝ።»

እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ለአየር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ባለሱቁ በኋላ ሊያጽናናኝ መጥቶ «ጋሼ፣ እሱን ምን ያድርጉት፤ የእርስዎን ሃያ ጥያቄ እኮ ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ከእኔ ሱቅ ለስላሳ እየጠጣ ነው ያጠናው፤ እኔም ለሰው ጥሩ የዋልኩ መስሎኝ» አለኝ። ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት አንድ ፈተና ሳልቀይር ሰጠሁ። ማንኛውም ጀማሪ መምህር የማይሠራውን ስሕተት ነው የሠራሁት። ሐሰተኛ ነቢይ በምን ይታወቃል የሚለው አሥራ ሁለተኛው ጥያቄዬ ነበር። «በፍሬው» ብሎ በትክክል መለሰ፤ እኔም ሙሉ ነጥብ ሰጥቼው ፍሬውን ሳላይ ወደ አሥራ ሦስተኛው አለፍኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የጸሎት ቤቱ በር ላይ ያለውን ወረቀቴን በጉባኤው ፊት ቀደድኩት። «ተሳስቼአለሁ፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ጥቂቶች ወጡ፤ የሚበዙት አልተነሡም። እሱ አሁንም ይሰብካል። አንዳንዱም መንገድ ላይ «ጋሼ፣ ዛሬስ ማንን ፈተኑ?» ይለኛል። ይበለኝ።

በምን እንደሚለይ ጠይቀሽኝ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ልዘረዝርልሽ ጀመርኩና አንደኛው ላይ እጄ ቆመ። ይህን ብቻ አውቃለሁ። አንደኛው በአንቺና በእናትሽ መካከል ቆመ፤ ሌላኛው ከመካከል ወጥተው እንድትገናኙ ለመኑኝ። ያቺ አብራሽ የምታጥፈው ሴት ወደምትጠራሽ ሰባኪ ከሄድሽ ስምሽን ማወቁን አትመልከቺ። የታመመው ሰው ክፍል ውስጥ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂ። ከማን ጋር እንድትነጋገሪ እንደሚፈቅድልሽና ማንን እንደሚከለክልሽም አስተውዪ። ደግሞ ዘርግተሽ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጊው። ያልሽው ትክክል ነበር፤ ያን ጊዜ ሙሉ ነጥብ ልሰጥሽ ሲገባ ተቆጣሁሽ።

የታኅሣሡን ደብዳቤሽን ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት። ስለ በሩ እስከምትዪው ድረስ አነበብኩና መቀጠል አቃተኝ። ሽማግሌው ከጎኔ ነበሩ። «አሁን ባነብላት ትሰማ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ ቀን መልስ የፈለግሁበት ጊዜ የለም። ትሰማለች ቢሉኝ አምናቸው ነበር።

«አላውቅም» አሉ። «ግን እርስዎ ያንብቡ፤ እኔ አብሬዎት እሰማለሁ።»

ወደ ክፍሏ ገባን። እሳቸው አልጋው ሥር በለመዱበት ተቀመጡ። እኔ በግራ በኩል፣ ጆሮዋ ይሆን በነበረበት፣ ተጎንብሼ አነበብኩ። ስጨርስ ማንም «ድገመው» አላለኝም። ደገምኩት።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አብሬ ልኬአለሁ። ጥር 26 ቀን እሷ እየነገረቻቸው ሽማግሌው የጻፉት ነው። እጃቸው ጫማ እንጂ ብዕር አልለመደም። ቀይ እስክሪብቶዬን አልነካሁም፤ አንድም ፊደል አላረምኩም። የቀረውን ከእሷ ስሚው።

«ልጄ፣ በሄድሽ ጠዋት በሩን ያልከፈትኩት ብከፍት አልለቅሽም ብዬ ነው። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ጆሮዬም በሩ ላይ ነበር፣ የግራው። ያልሽውን ሰምቼዋለሁ። የተናደደ ልጅ አፉ ይቀድመዋል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ለእናቴ ብዬዋለሁ። ደብዳቤሽን ድገመው የምለው የምመልሰው አጥቼ አይደለም። አንዴ ስሰማው ስለማይበቃኝ ነው። ወንድሜን አትቆጪው። ትክክል የመሰለውን ሲሠራ ሰው አይሰማም። በኋላ ግን ያለቅሳል። ያን ጊዜ ብቻውን እንዳይሆን።»

ልጄ፣ ልትቆጪኝ ትችያለሽ፤ እሷ አትቆጪው ብትልም እኔ አልከለክልሽም። መምጣት ብትፈልጊ ነዪ፤ ላለመምጣት ብትወስኚም መብትሽ ነው። ክፍሏን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ በሩ እንደተከፈተ ነው። ግን ዝም አትበዪኝ። ዝምታ በዚህ ቤት ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። ስድብም ቢሆን፣ አንድ መስመርም ብትሆን፣ ይህ በደረሰሽ ቀን ተቀምጠሽ ጻፊልኝ፤ እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።

አጎትሽ